ቤቱ ቀድሞ፣ ፕላኑ ተከትሎ፦ የአዲስ አበባ የፕላን፣ የምህንድስናና የግንባታ ፈቃድ ሥራ በታሪክ

አንድ ከተማ በሥርዓት ያድግ ዘንድ ሦስት ሥራዎች በቅደም ተከተል ሊከናወኑ ይገባል ይባላል። በመጀመሪያ የፕላን ክፍል መሬቱ ለምን አገልግሎት እንደሚውል ይወስናል፤ ቀጥሎ የምህንድስና ክፍል መንገዱን፣ የውሃ መስመሩንና የፍሳሽ ማስወገጃውን ይዘረጋል፤ በመጨረሻም የፈቃድ ክፍል የባለይዞታውን ንድፍ ከሁለቱ ጋር አመሳክሮ እንዲሠራ ይፈቅዳል። የአዲስ አበባ ታሪክ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተጓዘው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። ቤቱ ተሠራ፤ መንገዱ በቤቶቹ መካከል መተላለፊያ ፈለገ፤ ፕላኑም የሆነውን ሁሉ በወረቀት ላይ ለማስፈር ተከትሎ መጣ።

ከተማዪቱ በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃ አካባቢ ስትቆረቆር የነበራት መልክ የጦር ሰፈር መልክ ነበር። ቤተ መንግሥቱ በጉብታው ላይ ሆኖ፣ መኳንንቱና የጦር አለቆቹ በዙሪያው ቦታ እየተመሩ፣ እያንዳንዳቸው ተከታዮቻቸውን በግቢያቸው አካባቢ አሰፈሩ። የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ የራስ ብሩ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች ከዚያ ዘመን የተረፉ ናቸው። ይህን አሰፋፈር «ያለ ፕላን የሆነ» ማለት የተለመደ ቢሆንም ፍርዱ ትክክል አይደለም። የሰፈሩ ሥርዓት ራሱ ፕላን ነበረ፤ ጉድለቱ ወሰኑ በወረቀት ላይ አለመስፈሩ ነው። በ1900 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ የመሬት ደንብ መሬት በግል እንዲያዝና እንዲሸጥ በፈቀደ ጊዜ ወሰን የገንዘብ ጉዳይ ሆነ። ስለዚህም የከተማዪቱ አስተዳደር አስቀድሞ የተካነው ከተማ መንደፍን ሳይሆን ቦታ መለካትንና መመዝገብን ነበር፤ ይህም ጠባይ ለብዙ ዘመን አልለቀቀውም።

መላ ከተማዪቱን በአንድ ንድፍ የመጠቅለል ሐሳብ የመጣው ከወራሪ ጋር ነው። ፋሺስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ፣ ስመ ጥሩው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ ነባሩን ሰፈር ከቁጥር ያላስገባ ንድፍ ለሙሶሊኒ ልኮ ነበር። ተቀባይነት ያገኘው ግን ጉዪዲና ቫሌ የተባሉት ኢጣልያውያን ያዘጋጁት ፕላን ነው። ዓላማው በግልጽ ዘርን ከዘር መለየት ነበር፤ አውሮፓውያን በአንድ ወገን፣ የአገሩ ተወላጆች በሌላ ወገን እንዲኖሩ። በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ታላቅ ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲባረር የፕላኑ አብዛኛው ክፍል ሳይሠራ ቀረ። ገበያው ግን እዚያው ጸንቶ የከተማዪቱን የጭነት መኪናና የእግረኛ ጉዞ እስከ ዛሬ ወደ ምዕራብ ይስባል። በክፉ ሐሳብ የተነደፈው ይህ ክፍል ከኋላው ከመጡት በጎ ንድፎች ይልቅ ዕድሜ ያገኘው በወረቀት ብቻ ስላልቀረ ነው፤ በአዲስ ከተማ የሚታየው ቀጥ ያለ የመንገድ መረብና የቦታ ሽንሸና አብሮት ተሠርቷል።

ከነጻነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ማዘጋጃ ቤቶችን በሕግ አቋቋመ። የፕላን ሥራ ግን ለውጭ አገር ባለሙያ የሚሰጥ ሆኖ ቆየ። በ1938 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ፓትሪክ አበርክሮምቢ ተጋበዘ፤ በ1951 ዓ.ም. ቦልተን ሄነሲና ባልደረቦቹ የተባለው ድርጅት የእርሱን ሥራ አሻሻለ፤ በ1957 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ደ ማሪያን፣ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ሀንጋሪያዊው ፖሎኒ የየራሳቸውን አቀረቡ። ከማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር የሚወርደው ሰፊ መስመር የደ ማሪያን ፕላን ዋና አሻራ ነው። ከቀሩት አብዛኛው ከመደርደሪያ አልወረደም።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምክንያት የገንዘብ እጥረት ነው። ለፈቃድ ሠራተኛው ግን ከገንዘብ የሚቀርብ ሌላ ምክንያት ነበረ፤ ይኸውም የልኬት ጉዳይ ነው። በ1፡10,000 በተነሣ ካርታ ላይ አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስመር መሬት ላይ 10 ሜትር ነው፤ ይህም የአንድ ድሃ ቤት ሙሉ ስፋት ሊሆን ይችላል። አመልካቹ አጥሩ ከመንገዱ ስንት ሜትር እንዲርቅ ሲጠይቅ፣ ታላቁ ፕላን ሊመልስለት አይችልም። መልስ የሚሰጠው በሰፈር ደረጃ በዝርዝር የተሠራ ንድፍ ነው፤ ይህም በየሰፈሩ ከመሠራቱ በፊት ሌላ ታላቅ ፕላን ይታዘዝ ነበር። በመካከሉ ቀያሹና የፈቃድ ሹሙ የጎረቤቱን አጥር አይተው ይወስናሉ። በዚህ አኳኋን የከተማዪቱን መልክ በእውነት የሰጡት ስማቸው በታሪክ ያልተጻፈ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የምህንድስናው ሥራም ከፈቃዱ ጠረጴዛ እየራቀ ሄደ። የውሃና ፍሳሽ ሥራ በ1963 ዓ.ም. ራሱን ለቻለ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ተሰጠ፤ የመንገዱም ሥራ በ1990 ዓ.ም. እንዲሁ ተለየ። ለየሥራው ጥራትና በጀት ጥቅም እንዳለው አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ቀድሞ በደብዳቤ ቁጥር ሳይሆን በኮሪደር ንግግር የሚያልቀው ጉዳይ አሁን በሦስት መዝገብ ቤቶች የሚያልፍ ሆነ። አዲስ የተነጠፈ አስፋልት በማግሥቱ ለውሃ ቧንቧ ሲቆፈር ያየ የከተማዪቱ ነዋሪ ውጤቱን ያውቀዋል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የፈቃዱን ሥራ ከመሠረቱ ለወጠው። የከተማ መሬትና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ፤ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚሰጠው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተላለፉ። አዋጁ የኪራዩን ዋጋ ቀንሶ ድሃውን ከአከራይ ጫና ማላቀቁ የማይካድ ነው። ነገር ግን የጭቃ ቤት በየጊዜው እድሳት ይፈልጋል። ምርጉ ይረግፋል፣ ማገሩ ይበሰብሳል፣ ቆርቆሮው ይዝጋል። ተከራዩ ባለቤት ስላልሆነ፣ ቀበሌውም በዚያ አነስተኛ ኪራይ ማደስ ስለማይችል፣ የመሐል ከተማው ቤት እያረጀ ሄደ። ቤተሰቡ ሲበዛ በጓሮው አንድ ክፍል፣ ኋላም ሌላ ይቀጠላል፤ ፈቃድ ለመጠየቅ የቀበሌ ቤት ነዋሪ በእጁ ካርታ የለውም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ከፈረሱት ነባር ሰፈሮች አንዱ በሆነው በዶሮ ማነቂያ፣ ስለ ሥፍራው ሲከራከሩ የነበሩት ሁለቱም ወገኖች የተነጋገሩት ስለዚህ የብዙ ዓመት እርጅና ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 2.1 ሚሊዮን ደረሰ። ይህ ሁሉ ሕዝብ ሲጨመር የኢትዮጵያና የኢጣልያ ባለሙያዎች በጋራ ያዘጋጁት ማስተር ፕላን በ1978 ዓ.ም. ተጠናቆ የጸደቀው በ1986 ዓ.ም. ነው። ስምንት ዓመት! በዚሁ በ1986 ዓ.ም. የከተማ መሬት በሊዝ እንዲያዝ ታወጀ። ለጨረታ የሚበቃ ገንዘብ የሌለው ሰው ከከተማው ዳር ገበሬ ላይ ቁራሽ መሬት በግል ውል ይገዛል፤ የባሕር ዛፉን እንጨትና ቆርቆሮውን አስቀድሞ አዘጋጅቶ በአንድ ሌሊት ያቆማል። «የጨረቃ ቤት» የተባለውም ስለዚህ ነው። ደንብ አስከባሪው ማለዳ ሲመጣ ከጣሪያ በታች ልጅ ተኝቶ ያገኛል፤ ሰው የገባበትን ቤት ማፍረስ ባዶ ምሰሶ እንደ መንቀል አይቀልም። ይህን ሁሉ ሕገ ወጥነት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ሆኖም በሕጋዊው በር ለመግባት ስንት ዓመት ይፈጅ እንደ ነበረ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ፍርድ ግማሽ ፍርድ ነው።

ሕጉ የተሟላው ዘግይቶ ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 በ2000 ዓ.ም.፣ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ወጡ። የሕንፃ አዋጁ 10,000 ነዋሪና ከዚያ በላይ ባላቸው ከተሞች እንዲሠራበት ታስቦ፣ «የሕንፃ ሹም» የሚባል ኃላፊ ሰየመ። አመልካቹ በመጀመሪያ የፕላን ስምምነት ያገኛል፤ ይኸውም በዚያ ቦታ ምን ዓይነት ሕንፃ እንደሚፈቀድ የሚገልጽ ነው። ከዚያ ዝርዝር ንድፉን አቅርቦ የግንባታ ፈቃድ ይወስዳል፤ ሕጉ በሚጠይቅባቸው ሕንፃዎች ደግሞ ሥራው ሲያልቅ የመጠቀሚያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሕንፃዎቹም በሦስት ምድብ ተከፈሉ። በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ «ሀ»፣ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ወይም ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል «ሐ»፣ በመካከል ያለው «ለ» ተባለ። ክፍፍሉ የመሐንዲሱን ኃላፊነት ከአደጋው መጠን ጋር ያያይዛል፤ በስምጥ ሸለቆ ዳር ለተቀመጠች ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ማፍረሱ ይታወሳል።

ይህ የሦስት ደረጃ ሥርዓት የሚጀምረው ግን ከካርታ ነው፤ ካርታ የሌለው በሩ ላይ ይቆማል። ለእነዚህ የተገኘው መፍትሔ ከሰማይ የመጣ ነው ሊባል ይችላል። በ1988 ዓ.ም. የተነሣው የአየር ፎቶግራፍ፣ ኋላም የ1997 ዓ.ም.፣ ለሰነድ አልባ ይዞታዎች የዕድሜ ምስክር ሆነው አገለገሉ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 እነዚህ ይዞታዎች ከፕላን ጋር እየተመሳከሩ በአራት ዓመት ውስጥ ሥርዓት እንዲይዙ አዘዘ። ቀያሹ ፎቶግራፉን ዘርግቶ ጣሪያ ይፈልጋል። ፎቶግራፍ ጣሪያን ያሳያል እንጂ ወሰንን አያሳይም፤ አጥሩ የት እንደ ነበረ የሚመሰክር ጎረቤት ነው። አዲስ ቆርቆሮ ከላይ ሲታይ ያበራል፤ የዛገው ከመሬቱ ቀለም ጋር ይመሳሰላል። በትልቅ ዛፍ ሥር የተሠራ ቤት ደግሞ ጨርሶ አይታይም፤ የባለቤቱ ማመልከቻም «በካርታው ላይ አልተገኘም» ተብሎ ይመለሳል።