ያልተቈለፈው ቁም ሣጥን

እኔ ሀሁ የቈጠርሁት አለንጋ እያየሁ ነውና ይህን ታሪክ ሳነብ ገረመኝ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1907 ዓ.ም. ማሪያ ሞንቴሶሪ የተባሉ ሴት ሐኪም በሮማ፥ ሳን ሎሬንሶ በሚባለው የድኾች ሰፈር፥ የሕፃናት መማሪያ ቤት ከፈቱ። ዕቃውን ከቁም ሣጥን እያወጣች የምታድለው አስተማሪዪቱ ነበረች። አንድ ቀን ሳትቈልፍ ሄዳ፥ በማግሥቱም አርፍዳ ብትመጣ፥ ልጆቹ የወደዱትን አንሥተው ሥራ ይዘዋል። ሌብነት መሰላትና ልትቀጣቸው ተነሣች። ሞንቴሶሪ ግን ልጆቹ የሚሹትን ለይተው ማወቃቸውን ተመልክተው፥ ቁም ሣጥኑን በልጅ ቁመት ልክ በሆነ ዝቅ ያለ ቁም ሣጥን ተኩት።

ልጆች ሆይ፥ ይህ ልቅ መተው እንዳይመስላችሁ፤ ዕቃውን አስበው ያሰናዱት እሳቸው ናቸው። ሕፃናቱ ከብርጭቆ ወረቀት የተቈረጡ ፊደላትን በጣታቸው ሲዳስሱ ከረሙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ፥ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ በሰገነቱ ወለል ላይ የጭስ ማውጫውን በጠመኔ እንዲሥል ታዝዞ ሥሎ ሲያበቃ፥ ማንም ሳያዘው ከጐኑ «እጅ» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎም «ጣራ»።