አድፋጭ ሳይሆን ሰርጎ ገብ

ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ መንገድ፣ ከአንድ ሐበሻ ምግብ ቤት ቁጭ ብዬ ቡና እጠጣ ነበር። የመንገዱ ሰሌዳ «ራሂማ ሙሳ» ማለት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ ለእኛ ግን አሁንም ጄፒ ነው። ከጎኔ በስልኩ የአማርኛ ስፖርት ወሬ የሚያዳምጥ ልጅ ድንገት ቀና አለና፣ «ጋሼ፣ በዓለም ዋንጫው ጊዜ እዚህ ሶከር ሲቲ የደፈጣ ግብይት ተፈጽሞ ነበር እንዴ? ስንት ሰው ሞተ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ማንም አልሞተም። 36 ሴቶች ብርቱካናማ ቀሚስ ለብሰው ኳስ ተመለከቱ፤ የሆነው ይኸው ነው። ቀኑ ሰኔ 7 ቀን 2002 ዓ.ም. ነበር፤ ሆላንድ ዴንማርክን 2 ለ 0 ያሸነፈችበት ጨዋታ። ቀሚሱን ያሠራው ባቫሪያ የተባለው የሆላንድ ጠማቂ ነው። ዓይን ከማይሞላ ምልክት በቀር ስሙ አልተጻፈበትም። ይሁንና የውድድሩ ቢራ ሆኖ የከፈለው በድዋይዘር ነበርና ሴቶቹ ከስታዲየም እንዲወጡ ተደረገ። ሁለቱ ተይዘው እዚሁ ጆሃንስበርግ ፍርድ ቤት ቀረቡ። የተከሰሱበት ሕግ ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. የ2003ቱን የክሪኬት ዓለም ዋንጫ ከማስተናገዷ በፊት፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ያሻሻለችው የሸቀጥ ምልክቶች ሕግ ነው። በኋላ ፊፋና ጠማቂው ተስማሙና ክሱ ተነሣ።

እንግሊዝኛው ይህን አምቡሽ ማርኬቲንግ ይለዋል፦ ለድግሱ ሳይከፍሉ በድግሱ መታወቅ። ጉዳዩን አንባቢ ያውቀዋል። እኔን የሚቆጨኝ የአማርኛ ስሙ ነው። «የደፈጣ ግብይት» ከሚሉት ሁለት ቃላት አንዱም ቦታው ላይ አይደለም።

ከኋለኛው ልጀምር። ግብይት ከገበየ የወጣ ነው፤ ሻጭና ገዢ ተገናኝተው ዋጋ ሲቆርጡ ግብይት ይባላል። ቡና በምርት ገበያ ሲሸጥ ግብይት ነው፤ ትክክል። በዚያች ቀን ሶከር ሲቲ ውስጥ ግን ባቫሪያ አንድ ጠርሙስ አልሸጠም። የፈለገው ስሙ እንዲታወቅ ነው። ለዚህ ደግሞ «አስታወቀ» ከሚለው ግሥ የወረስነው ማስታወቂያ የሚባል ቃል አለን። ሰው የቤቱን ዕቃ ትቶ ከጎረቤት የሚበደረው ምን ጎድሎት ነው?

ደፈጣ የባሰ ነው። ድመት ታደፍጣለች፤ አይጧ ስታልፍ ትይዛታለች። ሽፍታ ገደል ሥር ያደፍጣል፤ መንገደኛው ሲደርስ ይተኩሳል። የሚያደፍጥ ሁሉ መጀመሪያ ይደበቃል፣ ቀጥሎ ይጠብቃል፣ በመጨረሻ ይመታል። በቴሌቪዥን እንዲታይ የደመቀ ቀሚስ ከመደበቅ ጋር ምን አገናኘው? ልጁ «ስንት ሰው ሞተ» ማለቱ የእሱ ጥፋት አይደለም፤ ቃሉ ያስተማረውን ነው የጠየቀው። ሌላም ክፋት አለው፦ ፍርድ ሳይሰጥ አንዱን ነፍሰ ገዳይ፣ ሌላውን ሰለባ አድርጎ ያስቀምጣል።

«የሽምቅ ማስታወቂያ» የሚሉም አሉ። ማስታወቂያ ማለታቸው እሰየው ነው። ሸመቀ ግን የአደፈጠ ወንድም ነው፤ ከዚህም በላይ ሽምቅ ተዋጊ ብለን ስለለመድን ቃሉ ጫካና ጠመንጃ ይዞ ይመጣል።

አንድ ቅኔ ወዳድ ወዳጄ ደግሞ «ቅኔ ማስታወቂያ ለምን አንለውም?» አለኝ። ቀሚሱ ሰም፣ ቢራው ወርቅ መሆኑ ነው። ለምሳሌም ኩሉላ ይባል የነበረውን የዚህ አገር አየር መንገድ ጠቀሰልኝ። በዚያው ዓመት የዓለም ዋንጫን ስም ሳይጠራ፣ «የምታውቁት ነገር» እያለ ራሱን ይፋ ያልሆነ አጓጓዥ አድርጎ አስተዋውቆ ፊፋ አስቁሞታል። አሳቀኝ፤ ግን አልተቀበልኩትም። ባለቅኔ ሰሙንም ወርቁንም ከራሱ ያወጣል። ይህኛው ሰሙን ከሌላ ሰው ድግስ ነው የወሰደው።

እኔ የምሟገተው «ሰርጎ ገብ ማስታወቂያ» ለሚለው ነው። ውሃ ሳይጮህ፣ ሳይጥስ አፈር ውስጥ ሲገባ ሰረገ እንላለን። ሰርጎ ገብ ከሕዝብ ጋር ተቀላቅሎ የገባ ነው፤ ድንበር ላይ ያየነው፣ ዜና ላይ የሰማነው፣ ማንም የሚያውቀው ቃል። ሴቶቹም ቲኬት ይዘው፣ በበሩ አልፈው፣ ከደጋፊ ጋር ተቀላቅለው ነው የገቡት። ጸሐፊ ተሳስቶ «ሠርግ ገብ» ቢለው እንኳ ከትርጉሙ አይርቅም፤ ያልተጠራ ሠርገኛ ነውና። ሥሮቹ አንድ ናቸው አልልም፤ ዕድለኛ ግጥጥሞሽ ነው።

ቃሉ ድንበር ማበጀቱም ይጠቅማል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት የዚህ አገር ክለቦች ካይዘር ቺፍስና ኦርላንዶ ፓይሬትስ የሚጋጠሙበት ዋንጫ በካርሊንግ ብላክ ሌብል ቢራ ስም ይጠራ ነበር። አልኮል ከስፖርት ይውጣ የሚል ሰው ሊቃወመው ይችላል፤ ሰርጎ ገብ ግን ሊለው አይችልም፤ ከፍሎ በዋናው በር ገብቷል። በእኛም ሀገር ሐረር ቢራና ዳሽን ቢራ የእግር ኳስ ክለብ ሆነው በግልጽ ተጫውተዋል። አሁን ግን አዋጅ 1112/2011 (ዓ.ም.) የቢራን ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውርዶታል። በር ሲዘጋ ውሃው መስረጊያ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቃሉ ለእኛም ያስፈልገናል፣ ያውም በቅርቡ።

ለልጁ ነገሩን ደግሜ፣ በዚህ ቃል ነገርኩት። ጥቂት አሰበና፣ «ሳይጠሩት አቤት ያለ ማለት ነዋ!» አለ። የሞተ ሰው አልፈለገም።

እባካችሁ የስፖርት አዘጋጆች፣ በሚቀጥለው ዋንጫ «ደፈጣ»ን ለድመትና ለሽፍታ ተዉላቸው።