የሪክዉድ ሜዳ

የቤዝቦልን ሕግ ከነዝርዝሩ አውቀዋለሁ ብዬ አልዋሽም። ኳስ የሚወረውር አለ፤ ዱላ ይዞ የሚጠብቀው አለ፤ የቀረው ስሌት ነው። ስሌት ደግሞ ቀኑን ሙሉ በባንክ ቤት ስሠራው ስለምውል ማታ ማታ አያምረኝም። ሆኖም በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ በበርሚንግሃም ከተማ ስለሚገኝ አንድ አሮጌ ስታዲየም ካነበብሁ ወዲህ ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለ። አንባቢ ሆይ፣ ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይውሰዱልኝ።

በርሚንግሃም በ1871 የተቆረቆረች የብረትና የድንጋይ ከሰል ከተማ ናት። ሪክ ዉድዋርድ የተባለ የብረት ነጋዴ ልጅ ባሮንስ የተሰኘውን የከተማዋን ቡድን ገዛና በ75,000 ዶላር ገደማ የኮንክሪትና የብረት ስታዲየም አሠራ። ከዋናው ሊግ በታች ላለ ቡድን ይህ ትልቅ ድፍረት ነበር። ከስሙና ከአባቱ ስም ተቀንጭቦም ሪክዉድ ተባለ። ኦገስት 18 ቀን 1910 ከ10,000 የሚበልጥ ሕዝብ በተገኘበት ባሮንስ ሞንትጎመሪን 3 ለ 2 አሸንፎ ሜዳው ተመረቀ። ዛሬ በአሜሪካ ከቀሩት የፕሮፌሽናል ቤዝቦል ስታዲየሞች ሁሉ አንጋፋው እርሱ ነው።

ሜዳው አንድ ይሁን እንጂ ቡድኖቹ ሁለት ነበሩ። ከ1920 ጀምሮ ነጮቹ ባሮንስ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄዱ ሜዳውን ጥቁር ባሮንስ ይከራዩት ነበር። የኪራይ ገንዘብ የከፋዩን የቆዳ ቀለም አይናገርም፤ ይህን ሙያዬ አስተምሮኛል። የመቀመጫው ነገር ግን ሌላ ነው። ነጮቹ ሲጫወቱ ጥቁር ተመልካች በቀኝ በኩል ርቆ በተሠራ መደዳ ላይ ፀሐይ እየመታው ይቀመጣል።

የጥቁር ባሮንስ አሠልጣኝና ተጫዋች ፓይፐር ዴቪስ ነበር፤ ፓይፐር የተወለደባት የከሰል ማዕድን መንደር ስም ነው። በ1948 አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ አሰለፈ፤ ዊሊ ሜይስ ይባላል። ልጁ በኋላ የቤዝቦል ታላላቆች ሲቆጠሩ ከፊተኞቹ የሚጠራ ሆነ። እኔን ግን ይበልጥ የሚቆረቁረኝ የመምህሩ ዕጣ ነው። በ1950 ቦስተን ሬድ ሶክስ ዴቪስን አስፈረመው፤ ወደ ታችኛው ቡድኑም ላከው። በአሥራ አምስት ጨዋታ ውስጥ ከሦስት ሙከራ አንዱን እየመታ፣ ማለትም በጥሩ መቺ ልክ እየተጫወተ ሳለ፣ አሰናበቱት። የተሰጠው ምክንያት የገንዘብ እጥረት ነበር። የክለቡ ባለቤት ከአገሩ ከበርቴዎች አንዱ ነበር። ክለቡ በዋናው ቡድኑ ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው በ1959 ነው። እንዲህ ያለ የሒሳብ መግለጫ በእኔ ጠረጴዛ ላይ ቢመጣ ሳልፈርም እመልሰው ነበር።

በዚያው 1950 የበርሚንግሃም ከተማ ነጭና ጥቁር አብረው ካርታ፣ ዳማና ዶሚኖ እንዳይጫወቱ የሚከለክለውን ደንብ አስፍቶ ቤዝቦልን ጨመረበት። በ1954 መጀመሪያ ደንቡ ሲላላ፣ የከተማው መራጮች በዚያው ዓመት በድምፃቸው መልሰው አጠበቁት። የደንቡ ዋና ጠባቂ ዩጂን ኮነር ነበር፤ በ1963 በሰላማዊ ሰልፈኞችና በሕፃናት ላይ ውሾችና የእሳት አደጋ የውኃ ቱቦ ያዘመተው የከተማው ሹም። ይህ ሰው ወደ ሹመት ከመምጣቱ በፊት የባሮንስን ጨዋታ በሬዲዮ የሚያስተላልፍ ዝነኛ ድምፅ ነበር። ሕዝቡ በዚያ ድምፅ ወደደው፤ ከዚያም መረጠው።

ከ1961 በኋላ ሊጉ ፈረሰ፤ ባሮንስም ተበተነ። ነጭና ጥቁር አብረው ከሚጫወቱ ጨዋታው ራሱ ይቅር ተባለ፤ ለሁለት ክረምት ሪክዉድ ያለ ቡድን ቀረ። ደንቡ በ1963 ተሻረና በ1964 የተቀላቀለ ቡድን ገባ። ይሁን እንጂ ደንብ መሻርና ልብ መቅናት አንድ አይደሉም። በ1967 በዚህ ሜዳ የተጫወተው ሬጂ ጃክሰን በምግብ ቤትና በሆቴል በር እንዴት እንደተመለሰ በ2024 በዚያው ስታዲየም ቆሞ በቴሌቪዥን ሲናገር፣ ሃምሳ ሰባት ዓመት ያለፈው ነገር የትናንት ይመስል ነበር።

ባሮንስ ከ1987 በኋላ ወደ ከተማ ዳር አዲስ ስታዲየም ሄደ፤ አሮጌውን ከመፍረስ ያዳኑት በ1992 የተሰባሰቡ ወዳጆቹ ናቸው። የፊልም ሠሪዎችም ረድተዋል፤ ጎብኚ የዱሮ ነው ብሎ የሚያደንቀው በእጅ የሚቀየረው የውጤት ሰሌዳ በ1990ዎቹ ለፊልም የተሠራ ነው። ከአጥሩ ጀርባ ያለው የ1928ቱ የኮንክሪት ግንብ ግን እውነተኛው ነው፤ ብዙ ሰው አያየውም።

ጁን 20 ቀን 2024 ዋናው ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ የውድድር ጨዋታውን ወደ ሪክዉድ ሊያመጣ ተዘጋጀ፤ ሜይስንም ሊያከብር። ከሁለት ቀን በፊት፣ ጁን 18 ማታ፣ በሜዳው ላይ የታችኛው ሊግ ጨዋታ ነበር፤ ባሮንስ ከሞንትጎመሪ ጋር፣ ልክ እንደ ምረቃው ቀን። ጨዋታው መሐል ላይ ሳለ ዊሊ ሜይስ በዘጠና ሦስት ዓመቱ ማረፉ ተነገረ። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ነጩም ጥቁሩም፣ ከየትኛውም መደዳ፣ ቆሞ አጨበጨበ።