አለቃቸውን የሚመርጡ ሙዚቀኞች

በ1882 በርሊን ውስጥ 54 ሙዚቀኞች ከአሠሪያቸው ጋር ተቃቅረው ወጡ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አሠሪው ቤንያሚን ቢልዘ ይባላል። የከተማው ሰው ጠረጴዛ ከቦ፣ እየበላና እየጠጣ የሚያዳምጠው ስመ ጥር ባንድ ነበረው። ለሙዚቀኞቹ ግን ቆንቋና ነበር። ለዝግጅት ወደ ዋርሶ ሲወስዳቸው በአራተኛ ማዕረግ ባቡር ሊያጓጉዛቸው መሆኑ ሲሰማ ትዕግሥታቸው አለቀ። ጥለውት ወጡና የራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ፤ መጀመሪያም ራሳቸውን “የቀድሞው የቢልዘ ባንድ” ብለው ጠሩ። አለቃን ከድቶ በስሙ መነገድ ብልጠት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ብዙም ሳይቆዩ ዛሬ ዓለም በሚያውቃቸው ስም የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ሆኑ።

አመፁ ያቆመው ሥርዓት ለዘመኑ እንግዳ ነበር። ኦርኬስትራው የሙዚቀኞቹ የራሳቸው ንብረት ሆነ፤ ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚመራቸው የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ይሁንና መቶ ሰው የሚሳተፍበትን ሲምፎኒ በስብሰባ መጫወት አይቻልም። ፍጥነቱን፣ ድምቀቱን፣ ትንፋሹን የሚወስን አንድ ሰው ፊት መቆም አለበት። የዚህ ቤት የ140 ዓመት ታሪክ፣ እኔ እንደማየው፣ አለቃ አንፈልግም ብለው የተነሡ ሰዎች አለቃ ሲመርጡ፣ በመረጡት ሲማረሩ፣ ከዚያም ፍጹም የተለየውን ሲመርጡ የኖሩበት ታሪክ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የችግር ነበሩ። የሚጫወቱበት አዳራሽ ቀድሞ በባለ ጎማ ጫማ የሚንሸራተቱበት ቤት የነበረ ነው። በ1887 ሄርማን ቮልፍ የተባለ የኮንሰርት ደላላ የገንዘቡን ጉዳይ ያዘና ሃንስ ፎን ቢሎውን አመጣላቸው። ቢሎው ምላሱ የሚቆርጥ፣ በልምምድ ላይ የማይታገሡት ሰው ነበር፤ ሚስቱ ኮሲማ ትታው ሪቻርድ ቫግነርን ማግባቷን ለሚያውቅ ምሬቱ አይገርመውም። ግን ኦርኬስትራውን ኦርኬስትራ ያደረገው እሱ ነው። ቀጥሎ ሪሃርድ ሽትራውስ ለአንድ የዝግጅት ዘመን ብቻ መራ። በ1895 የመጣው ሃንጋሪያዊው አርቱር ኒኪሽ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1922 ቆየ። ኒኪሽ የቢሎው ተቃራኒ ነበር፤ ብዙ አይናገርም፣ እጁንም ብዙ አያወናጭፍም። በ1913 የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ ከዳር እስከ ዳር በሸክላ ሲያስቀርጹ፣ እንዲህ ያለ ሙሉ ቅጂ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር።

በኒኪሽ ቦታ የተመረጠው ቪልሄልም ፉርትቬንግለር ገና የ36 ዓመት ጎልማሳ ነበር። የሙዚቀኞቹ ነፃነት በሱ ዘመን አከተመ። ያከተመው ግን በእሱ በትር ሳይሆን በዕዳ ነው። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ኦርኬስትራው ካዝናው ባዶ ነበር፤ በ1934 ሙዚቀኞቹ ድርሻቸውን ለመንግሥት ሸጡ፣ ጎብልስ የሚመራው የፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴርም ጌታቸው ሆነ። ደመወዛቸው ተረጋገጠ፤ በኋላም ጦርነቱ ሲመጣ ከውትድርና ነፃ ሆኑ። በአንጻሩ አራቱ አይሁዳውያን ባልደረቦቻቸው፣ የቫዮሊኖቹ መሪ (ኮንሰርትማስተሩ) ሺሞን ጎልድበርግ ጭምር፣ እስከ 1935 አንድ በአንድ ለቀው ወጡ። ፉርትቬንግለር ስለ አይሁዳውያን ሙዚቀኞች ለጎብልስ በይፋ ጽፎ ተሟግቷል፤ በ1934 መጨረሻም በአቀናባሪው ፖል ሂንደሚት ጉዳይ ከሥልጣኑ ለቋል። ግን በ1935 ተመልሶ መጣ፤ በ1942 በሂትለር ልደት ዋዜማ የቤትሆቨንን ዘጠነኛ መራ። ስለ እሱ የሚጻፉት መጻሕፍት እስካሁን የሚሟገቱት በዚህ ነው። ሙዚቃን ከፖለቲካ ለይቶ ማዳን ይቻላል ብሎ ማመኑ ቅንነት ይሁን አይሁን፣ ካሜራው የቀረጸው ጎብልስ መድረኩ ሥር ቆሞ እጁን ሲጨብጠው ነው።

አዳራሹ በ1944 ጥር በቦምብ ነደደ። ፉርትቬንግለር በ1945 መጀመሪያ ወደ ስዊዘርላንድ ሸሸ። ጀርመን እጇን በሰጠች በ18ኛው ቀን፣ ግንቦት 26፣ የተረፉት ሙዚቀኞች አንድ ሲኒማ ቤት ውስጥ ኮንሰርት አደረጉ። መሪው ሞስኮ የተወለደው ሌዎ ቦርቻርድ ነበር፤ በጦርነቱ ዓመታት በርሊን ውስጥ ተሳዳጆችን ከሚደብቅ ቡድን ጋር ሲሠራ የኖረ ሰው። የመጀመሪያው ሥራ የአይሁድ ዘር በመሆኑ ሙዚቃው ለዓመታት ታግዶ የቆየው የአቀናባሪው ሜንደልሶን መክፈቻ ነበር፤ መልእክቱ ለማንም ግልጽ ነው። ሦስት ወር አልሞላም፤ ነሐሴ 23 ማታ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ወደ ቤቱ ሲያደርሰው ሾፌሩ የኬላውን ምልክት ሳይረዳ አለፈ፣ አሜሪካዊው ዘበኛም ተኮሰ። ቦርቻርድ እዚያው ሞተ።

በዚህ ድንጋጤ መካከል ነው ሰርጅዩ ቼሊቢዳኬ ብቅ ያለው፤ የ33 ዓመት ሩማንያዊ፣ ተማሪነቱን ገና የጨረሰ፣ ታላቅ ኦርኬስትራ መርቶ የማያውቅ። የናዚ መዝገብ የሌለበት መሪ ማግኘት ከባድ በነበረበት ዘመን ይህ ራሱ ትልቅ ብቃት ነበር። እስከ 1954 ከ400 በላይ ኮንሰርት መራ። ፉርትቬንግለር በምርመራ ነፃ ተብሎ በ1947 ተመለሰ፤ ቼሊቢዳኬ በ1952 ቦታውን አስረከበው፤ በ1954 ኅዳር ፉርትቬንግለር ሲሞት ግን ተራው የኔ ነው ብሎ ቢጠብቅ ማን ይፈርድበታል? ሙዚቀኞቹ የመረጡት ሄርበርት ፎን ካራያንን ነው። በልምምድ ላይ ቼሊቢዳኬ ያዋርዳቸው ነበር፤ ሸክላ መቅረጽ አይወድም፤ የአሜሪካ ጉዞ ደግሞ በር ላይ ነበር። ካራያን ሸክላ ያውቃል፣ ገበያም ያውቃል። የናዚ ፓርቲ አባል የነበረ መሆኑ ኒውዮርክ ላይ ተቃውሞ አስነሳበት፤ በርሊን ላይ ግን ሚዛን አልደፋም። ቼሊቢዳኬ ወደ እነሱ የተመለሰው በ1992 ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ካራያን ዕድሜ ልኩን እንዲመራቸው ውል ጠየቀ፣ አገኘም። በአንድ የባቡር ቲኬት ሰበብ ጌታቸውን የከዱ ሰዎች ልጆች ሌላውን ጌታ በፊርማቸው ዘላለማዊ አደረጉት። ልውውጡ ግን ከንቱ አልነበረም፤ በሱ ዘመን ሸክላቸው ዓለምን ሞላ፤ በ1963 በሃንስ ሻሩን ንድፍ የተሠራው አዲሱ አዳራሽ ተከፈተ፤ መድረኩን ከመካከል አስቀምጦ አድማጩን በዙሪያው የሚያስቀምጥ፣ ዛሬም አዳራሽ ሠሪዎች የሚቀዱት ሥራ ነው። ይህን ሁሉ ለመሰባበር የበቃችው አንዲት ክላርኔት ናት። ሴት ተጫዋች ለመጀመሪያ ጊዜ የገባችው በ1982 ነበር፤ ካራያን በዚያው ሰሞን ዛቢነ ማየርን ለክላርኔት ሲያቀርብ ሙዚቀኞቹ 73 ለ4 በሆነ ድምፅ አንፈልግም አሉ። ምክንያታቸውን የድምፅ አለመጣጣም ነው አሉት፤ ሴት መሆኗ ምንም አልጨመረም ለማለት ግን አልደፍርም። ካራያን ጉዞና ቀረጻ አስቀርባችኋለሁ እስከማለት ደረሰ፤ እሷ በራሷ ፈቃድ ሄደች። በካራያንና በኦርኬስትራው መካከል የነበረው ፍቅር ከዚያ በኋላ አልተጠገነም። በ1989 ሚያዝያ ለቀቀ፣ በሐምሌም ሞተ።

በጥቅምት 1989 የመረጡት ክላውዲዮ አባዶ፣ ማንም ያልጠበቀው ጣሊያናዊ፣ ገና ሲገባ ክላውዲዮ በሉኝ ብሎ ሥርዓቱን ቀየረ። የበርሊን ግንብ የፈረሰው ከምርጫው አንድ ወር በኋላ ነው። ካራያንን ያማረሩ ሙዚቀኞች አባዶ ልምምድ ላይ ብዙ አይናገርም ብለው ማጉረምረማቸው ምን ያህል አስቸጋሪ ቤት እንደሆነ ያሳያል። በ1998 እሱ ራሱ ከ2002 በኋላ አልቀጥልም አለ። ተተኪው ሳይመን ራትል ከመፈረሙ በፊት ኦርኬስትራው ራሱን የሚያስተዳድር የሕዝብ ተቋም እንዲሆንና ደመወዝ እንዲስተካከል አስገደደ፤ በ1934 የተሸጠው ነፃነት በከፊል ተመለሰ ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የትምህርት ሥራው፣ በ2008 የተጀመረው የኢንተርኔት ኮንሰርት አዳራሽ፣ ሁሉም የሱ ዘመን ናቸው።

የ2015ቱ ምርጫ ከሁሉም ይልቅ ይገርመኛል። ግንቦት 11 መራጮቹ በርሊን፣ ዳሌም ሰፈር ባለ ቤተ ክርስቲያን ስልካቸውን አስረክበው ገቡ፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ጋዜጠኞች ደጅ እንደቆሙ መሪ ሳይመርጡ ወጡ። ክሪስቲያን ቲለማንና አንድሪስ ኔልሶንስ ሲፎካከሩ ማንም የበቃ ድምፅ አላገኘም ሲባል ተሰማ። በሰኔ የመረጡት ግን ኪሪል ፔትሬንኮን ነበር፤ ኦምስክ ተወልዶ በ18 ዓመቱ ወደ ኦስትሪያ የሄደ፣ ቃለ መጠይቅ የማይወድ፣ ቅጂው ጥቂት የሆነ፣ ከእነሱም ጋር ሦስት ጊዜ ብቻ የሠራ ሰው። በገበያ መስፈርት ብናየው ትክክለኛው የካራያን ተቃራኒ ነው። በነሐሴ 2019 ሥራውን የጀመረው የቤትሆቨንን ዘጠነኛ ይዞ ነው፤ ከመክፈቻው ኮንሰርት በማግስቱ በብራንደንቡርግ በር ፊት በአደባባይ ያው ዘጠነኛ ተደገመ።

በ2023 ደግሞ ላትቪያዊቷ ቪኔታ ሳሬይካ የመጀመሪያዋ ሴት ኮንሰርትማስተር ሆነች፤ የተሰጣት ወንበር ከመሪው ክንድ ጥግ፣ ሺሞን ጎልድበርግ ከተቀመጠበት ሥፍራ ነበር። ምደባዋም እንደ ማንኛውም አዲስ ገቢ በሙከራ ጊዜና በሙዚቀኞቹ ድምፅ የሚጸና ነበር።