ፓምፑና የቁጠባ ደብተሩ

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1990 ያሉትን ዓመታት የመጠጥ ውኃና የንጽሕና ዐሥርት ብሎ ሲሰይም፣ የጎደለው ገንዘብና ብረት ብቻ ይመስል ነበር። ለጋሹ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ፓምፕ ያስተክላል፣ አስመርቆ ይሄዳል። ፓምፑ ሲሰበር ገበሬው የማንን ደጅ ይጥና? የመጀመሪያው መልስ ከመሐንዲሶች መጣ። በማላዊና በኬንያ ሙከራ የተወለደውን የአፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ መንደርተኛው ራሱ በአንድ መፍቻ ፈትቶ፣ ያለቀችውን ጎማ ቀይሮ መልሶ ይገጥመዋል። ግሩም ብልሃት ነው፤ ግን ግማሽ መንገድ ነው። መፍቻው መንደር ውስጥ ተቀምጦ የጎማዋ መግዣ ብር ወረዳ ከሆነ ፓምፑ መቆሙ አይቀርም።

ሌላውን ግማሽ ያሳየው በእኔ ግምት፣ በፊንላንድ ዕርዳታ እ.ኤ.አ. በ1994 በአማራ ክልል የተጀመረው የገጠር ውኃ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ የግንባታው ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በአብቁተ፣ በኩል ለመንደሩ የውኃ ኮሚቴ መድረስ ጀመረ። ሲሚንቶ የሚገዛው፣ ግንበኛ የሚቀጥረው፣ ሒሳብ የሚያወራርደው ኮሚቴው ሆነ፤ ወረዳው ባለሙያ ይልካል። ነዋሪው አሸዋና ድንጋይ ያቀርባል፣ ለጥገናም አስቀድሞ ይቆጥባል። በሲሚንቶ ዋጋ የተከራከረ ሰው ከነጋዴው ጋር ስለተዋወቀ፣ ፓምፑ ሲበላሽ መለዋወጫ ከየት እንደሚገኝ አይጠፋውም። አሠራሩ ቆይቶ ወደ ሌሎች ክልሎችም ተሻገረ።

«ገንዘቡ ይበላል» የሚለው ስጋት ወዲያው ተነሣ። ገንዘብ ቢሮም ውስጥ ይበላል፤ መንደር ውስጥ ግን ስንት ከረጢት ሲሚንቶ እንደወረደ ሁሉም ያያል። የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው። ይህ መንገድ ለእጅ ጉድጓድና ለምንጭ ማጎልበት ይስማማል እንጂ፣ ውኃው ከመሬት በታች ርቆ በሚገኝበት ቆላ የመቆፈሪያ ማሽንና ጄኔሬተር ግድ ነው፤ ያንን ኮሚቴ ብቻውን አይወጣውም። እውነት ነው፤ ክርክሬም እዚያ ድረስ አይዘረጋም።

ስለ መጸዳጃ ከተነሣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. የ2015 ዘገባ መሠረት፣ በኢትዮጵያ ሜዳ ላይ የሚጸዳዳው ሕዝብ በ1990 ከነበረው 92 በመቶ ወደ 29 በመቶ ወርዷል። አብዛኛውን ጉድጓድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እየወተወቱት ባለቤቱ ራሱ ነው የቆፈረው። ባለቤትነት አልጎደለም ማለት ነው። ሆኖም ብዙው በእንጨትና በጭቃ የተሸፈነ፣ ክዳንም እጅ መታጠቢያም የሌለው ነው፤ የሲሚንቶ ወለል ማንጠፍ ከጉልበት ሌላ ብር ይጠይቃል።