ሃይድሮጂንን በአሞኒያ ማከማቸት፦ የዩሪያ ጆንያው ኬሚስትሪ

በደሴ ሰኞ ገበያ እህል ሲሰፈር ቆሞ ለሚመለከት ሰው ሃይድሮጂን የሩቅ ሀገር ወሬ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ጤፉና ስንዴው በማሳ ሳሉ የሚጨመርላቸው ዩሪያ ያለዚህ ጋዝ አይሠራም።

ሃይድሮጂን ሲቃጠል ካርቦን አያወጣም። አንድ ኪሎ ግራሙ የሚሰጠው ኃይል ከአንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። አስቸጋሪው ማከማቸቱ ነው፤ እጅግ ቀላል ጋዝ በመሆኑ ሰፊ ቦታ ይወስዳል፣ ፈሳሽ ለማድረግም ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ድረስ መቀዝቀዝ አለበት።

አንዱ መፍትሔ ከአየር ከሚገኘው ናይትሮጂን ጋር አዋሕዶ አሞኒያ ማድረግ ነው። ከአሞኒያ ክብደት 17.6 በመቶው ሃይድሮጂን ሲሆን፣ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ላይ ፈሳሽ ስለሚሆን ለማጓጓዝ ይቀላል።

ውሕደቱ ግን ያለ ካታሊስት አዋጭ አይደለም። ካታሊስት የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በለውጡ የማያልቅ ነገር ነው። ሊጥን ከሚያቦካው እርሾ ጋር ቢመሳሰልም፣ እርሾ ሕይወት አለው፤ ይህኛው ብረት ነው። በጀርመን ፍሪትዝ ሃበር አሞኒያን በላቦራቶሪ ከሠራ በኋላ፣ አልዊን ሚታሽና ባልደረቦቹ በሺህ የሚቆጠሩ ሙከራዎች አድርገው ርካሹን የብረት ካታሊስት አገኙ፤ ፋብሪካውም በ1913 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። ዛሬም የሚሠራበት በመሠረቱ ይኸው ብረት ነው።

ሃይድሮጂኑን ከአሞኒያ መልሶ ማውጣት ሌላ ካታሊስት ይጠይቃል። ሩቴኒየም በአነስተኛ ሙቀት ይሠራል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ኒኬል ርካሽ ቢሆንም የበለጠ ሙቀት ይሻል። አሞኒያ መርዛማ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

በሀገራችን የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና ዳንጎቴ ግሩፕ ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም በጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርመዋል። የታሰበው ሃይድሮጂን ከካሉብና ሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ የሚገኝ ነው። ከውኃ በኤሌክትሪክ ለማውጣት ቢታሰብስ? ለ50 ኪሎ ግራም ዩሪያ 28 ኪሎ ግራም ያህል አሞኒያ፣ በውስጡም 5 ኪሎ ግራም ገደማ ሃይድሮጂን ያስፈልጋል። ለአንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ስለሚጠፋ፣ አንድ ጆንያ 250 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ዩሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ስለሚፈልግ፣ እርሱን ከሌላ ቦታ ማምጣት ግድ ይሆናል።