ትምህርት ቤትና መገናኛ ብዙኃን ለዜጎች ዕውቀት ያላቸው ድርሻ፦ ዲክሲስና የአርሲ ደጋ

ዲክሲስ በኦሮሚያ ክልል፣ በአርሲ ዞን የሚገኝ ወረዳ ሲሆን የነዋሪው ኑሮ በአብዛኛው ስንዴና ገብስን በመሳሰሉ የደጋ ሰብሎች ላይ የተመሠረተ ነው። በእንዲህ ዓይነት አካባቢ የሕዝብ ዕውቀት ሁለት ዋና ምንጮች አሉት። ትምህርት ቤት ማንበብን፣ ማስላትንና ማመዛዘንን ያስተምራል፤ መገናኛ ብዙኃን ደግሞ ወቅታዊውን ጉዳይ ያደርሳሉ። የተማረ ሰው ወቅታዊ መረጃ ካላገኘ ዕውቀቱን በሥራ ላይ ለማዋል ይቸገራል፤ መረጃ የደረሰው ሰውም መመዘን ካልቻለ ለስሕተት ይጋለጣል። ከዚህ በታች የሁለቱ ድርሻና ዜጎች መረጃ የሚጠይቁበት ሥርዓት ቀርቧል።

የትምህርት ቤት ድርሻ

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን አፋን ኦሮሞ ከእነዚህ አንዱ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ በመወሰኑ፣ በኦሮሚያ በቁቤ የሚጻፈው አፋን ኦሮሞ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኗል። ትምህርቱ በቤተሰቡ ቋንቋ ሲሰጥ ተማሪው የተማረውን ለወላጆቹ ሊያካፍል፣ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት የተለጠፈውን ማስታወቂያም ሊያነብላቸው ይችላል።

የግብረ ገብና የዜግነት ትምህርት ተማሪዎችን ከመብታቸው፣ ከግዴታቸውና ከሕገ መንግሥቱ ጋር ያስተዋውቃል። መደበኛ ትምህርት ላመለጣቸው አዋቂዎች ደግሞ የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ንባብንና ስሌትን ከእርሻ፣ ከጤናና ከቤተሰብ ገቢ ጋር አያይዞ ይሰጣል።

የመገናኛ ብዙኃን ድርሻ

የሬዲዮ ስርጭት በኢትዮጵያ በ1928 ዓ.ም.፣ ቴሌቪዥን ደግሞ በ1957 ዓ.ም. ተጀምሯል። ሬዲዮ በባትሪ ስለሚሠራና ማንበብ ለማይችሉም ስለሚደርስ በገጠር የቆየ ተደማጭነት አለው። የአሰላው ተወላጅ አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ ኦሊምፒክ በ1972 ዓ.ም. ያገኘውን ድል በልጅነቱ በቤተሰቡ ሬዲዮ መስማቱ ለሩጫ እንዳነሣሣው ተናግሯል። ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ዜና በአርሲ ገጠር ላለ ልጅ የሕይወት አቅጣጫ ሊያመለክት እንደሚችል ይህ ያስረዳል።

የኮሮና ወረርሽኝ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶችን ባዘጋ ጊዜ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዲሰጥ ተደርጓል። ይሁን እንጂ መቀበያም ሆነ ኤሌክትሪክ በሌለበት ቤት ይህ አማራጭ አልደረሰም። ስርጭት መኖሩ ብቻውን መረጃ ለሁሉም ደርሷል ማለት አይደለም።

መረጃ በወቅቱ ሲደርስና ሲዘገይ፦ የስንዴ ዋግ ምሳሌ

በአርሲ ደጋ መረጃ ከምርት ጋር የተሳሰረ ነው። በ2005/06 የምርት ዘመን የግንድ ዋግ በሽታ በአርሲና በባሌ «ዲገሉ» በተባለው የስንዴ ዝርያ ላይ ከፍተኛ ጉዳት አድርሷል። ይህ ዝርያ ቀደም ሲል ቢጫ ዋግን በመቋቋሙ በሰፊው ይዘራ የነበረ ነው፤ አዲስ የመጣውን የግንድ ዋግ ዓይነት ግን መቋቋም አልቻለም። የግንድ ዋግ ለአጨዳ ጥቂት ሳምንታት የቀሩትን ጤነኛ የሚመስል ማሳ ሊያጠፋ ስለሚችል የማስጠንቀቂያው ጊዜ ወሳኝ ነው።

እንዲህ ያለው ማስጠንቀቂያ ፍሬ የሚያፈራው ብዙዎች ሲቀባበሉት ነው። በአሰላ አቅራቢያ የሚገኘው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በስንዴ ዝርያና በሽታ ላይ ምርምር ያካሂዳል። መገናኛ ብዙኃን የምርምሩን ምክር በአድማጩ ቋንቋ ያሰራጫሉ፤ የቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ በማሳ ላይ ያሳያል፤ ማንበብ የሚችል የቤተሰብ አባል ደግሞ በፀረ ዋግ መድኃኒቱ መያዣ ላይ የተጻፈውን መጠን ያነባል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ምክሩ ማሳው ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። በ2006 ዓ.ም. በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ሥራ የጀመረው ነጻ የስልክ መስመር 8028 አርሶ አደሩ ምክርን በድምፅ እንዲያዳምጥ ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

መረጃን መመዘን

በስልክ የሚዘዋወር መልእክት ያለፈ ዓመት ወይም የሌላ አካባቢ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መልእክቱን ከማካፈል ወይም ገንዘብ ከማውጣት በፊት የሚከተሉትን ማረጋገጥ ይገባል፦

• መልእክቱን ያወጣው አካል ማን ነው?
• መቼና ለየትኛው አካባቢ ወጣ?
• ሌላ ታማኝ ምንጭ ወይም የቀበሌው ባለሙያ ያረጋግጠዋል?

የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሁከትን ወይም ግጭትን የማስከተል ዕድሉ ከፍተኛ የሆነ ሐሰተኛ መረጃ ሆን ብሎ ማሰራጨትን ይከለክላል።

መረጃ የመጠየቅ መብት

ዜጋ መረጃን ከመቀበል ባሻገር የመጠየቅ መብት አለው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን ያረጋግጣል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ አፈጻጸሙን ይዘረዝራል፦

• ጥያቄው መረጃው ለሚገኝበት መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ይቀርባል።
• ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ጥያቄውን በቃል ማቅረብ ይችላል።
• መሥሪያ ቤቱ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ መስጠት አለበት።
• ጥያቄው ውድቅ ከሆነ ቅሬታ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል።

ጠያቂው የሚፈልገውን ሰነድ፣ ጊዜና ቦታ ለይቶ ቢገልጽ ምላሹ ይፋጠናል። ለምሳሌ «ስለ ማዳበሪያ መረጃ ይሰጠኝ» ከማለት «በዚህ የምርት ዘመን ለቀበሌያችን የተመደበው የማዳበሪያ መጠንና የማከፋፈያ ቀን ይገለጽልኝ» ብሎ መጠየቅ ይመረጣል። ጥያቄው የቀረበበትን ቀን መዝግቦ መያዝም የ30 ቀኑን ገደብ ለመከታተል ይረዳል።